ሰኞ ጠዋት ሃንግ የሚያደርገው የሜይል ሰርቨር፦ የሞላው የትኛው ገደብ ነው?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለ ድርጅት ውስጥ የሲስተም ሥራ እሠራለሁ። ካዛንቺስ ያለውን ቅርንጫፍ ጨምሮ 400 ገደማ ሠራተኛ አለን። የሜይል ሰርቨራችን ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ በፖስትፊክስና (ሜይል የሚልክና የሚቀበል) በዶቭኮት (ሰው ሳጥኑን የሚከፍትበት) ነው የሚሠራው። 4 ኮርና 16 ጊጋ ራም አለው። የተጠቃሚዎቹ ዝርዝር ማይኤስኪውኤል በሚባል ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜይል ይንቀራፈፋል፣ አንዳንዱ ሰው ጭራሽ መግባት ያቅተዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስም እንደዚያው ነው። ሎጉ (ሰርቨሩ የሚመዘግበው ፋይል) ላይ «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» (ክፍት ፋይሎች በዝተዋል) የሚል አየሁ። ሊሚትስ ኮንፍ የሚባለው የገደብ ፋይል ላይ 65535 አስገብቼ ማሽኑን ሪስታርት አደረግሁት። ገደቡን በሚያሳየው ዩሊሚት በሚባለው ትእዛዝ ስጠይቀው 65535 ይለኛል፣ ችግሩ ግን ያው ነው። ሁሉንም አንሊሚትድ ባደርገው ይገላግለኛል?»

አይገላግልህም። እንዲያውም አሁን በትንሹ የሚያስቸግርህ ሰርቨር አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ይወድቅብሃል። ደግሞም ያነሳኸው ቁጥር ዶቭኮት ጋ አልደረሰም፤ ስለዚህ እስካሁን ምንም አልቀየርክም ማለት ይቻላል።

ከዚሁ ልጀምር። ሊሚትስ ኮንፍ የሚሠራው በፓም (የሰው መግቢያን በሚቆጣጠረው የሊኑክስ ክፍል) በኩል ለሚገባ ሰው ነው። አንተ በኤስኤስኤች (ከርቀት) ስትገባ ፓም ፋይሉን ያነባል፣ ለአንተ ሼል (ትእዛዝ ለምትጽፍበት መስኮት) 65535 ይሰጣል። ዩሊሚት ብለህ ስትጠይቅ የሚመልስልህም ስለራስህ ሼል ብቻ ነው። ፖስትፊክስና ዶቭኮትን ግን ማሽኑ ሲነሳ ሲስተምዲ የሚባለው የሰርቪሶች አስነሺ ነው የሚያስነሳቸው፤ በዚያ በር አያልፉም። ገደባቸውን የሚወርሱት ከሲስተምዲ ነው።

እውነተኛውን ቁጥር ማየት ቀላል ነው። የዶቭኮትን ዋና ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ቁጥር ፈልግ። ፕሮክ በሚለው ማውጫ ሥር በዚያ ቁጥር የተሰየመ ፎልደር አለ፣ ውስጡ ሊሚትስ የሚል ፋይል ታገኛለህ። ክፈተውና የክፍት ፋይሎችን መስመር እይ። ሁለት ቁጥር አለው፦ ሶፍትና ሃርድ። ፕሮግራሙን የሚያስቆመው ሶፍቱ ነው፤ ሃርዱ ሶፍቱ እስከ የት ሊነሳ እንደሚችል ይወስናል። ከሲስተምዲ 240 ወዲህ የተለመደው ሶፍት 1024፣ ሃርዱ 524288 ነው። ሶፍቱን 1024 ላይ የተዉት በስንፍና አይደለም። ሴሌክት የሚባለውን የድሮ የሲስተም ጥሪ የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ከ1024 በላይ ቁጥር ያለው ፋይል ሲያጋጥማቸው ይበላሻሉ።

ይህን ገደብ ማንሳት የምትፈልግ ከሆነ ቦታው የሰርቪሱ ዩኒት (ሲስተምዲ እንዴት እንደሚያስነሳው የሚጻፍበት ፋይል) ነው። ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ብለህ ሰርቪስ በሚለው ክፍል ሥር ሊሚት ኖፋይል የሚል መስመር ትጨምራለህ። እዚህ ላይ ኡቡንቱ የሚያጠምድህ ነገር አለ። በብዙ የኡቡንቱ እትሞች ፖስትፊክስ የሚለው ዩኒት ባዶ ሽፋን ነው። እሱን ብታስተካክል ምንም አይለወጥም። ሥራውን የሚሠራው ከስሙ ቀጥሎ የኤት ምልክትና ሰረዝ ያለው ዩኒት ነው። የሲስተምሲቲኤልን ስታተስ ስታይ «አክቲቭ፣ ኤግዚትድ» የሚል ካየህ ሽፋኑን ነው የያዝከው። ብዙ ሰው ግማሽ ቀን እዚህ ላይ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ቱ ሜኒ ኦፕን ፋይልስ» የሚለውን መልእክት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የሚያወጣው በፋይል ብዛት ብቻ አይደለም። የስህተት ቁጥሩ 24 ነው፣ ያው ቁጥር ደግሞ የአይኖቲፋይ ኮታ ሲያልቅም ይመጣል። አይኖቲፋይ ማለት አንድ ፕሮግራም «ይህ ፎልደር ላይ አዲስ ነገር ሲመጣ ንገረኝ» ብሎ ከርነሉን የሚጠይቅበት መንገድ ነው። የዶቭኮት አይማፕ (የሜይል ማንበቢያ) ፕሮሰስ፣ አውትሉክ ወይም ስልክ ተገናኝቶ አዲስ ሜይል ሲጠባበቅ፣ ይህን ይጠቀማል። ለአንድ ተጠቃሚ የተፈቀደው የአይኖቲፋይ ኢንስታንስ በተለመደው አሠራር 128 ነው። ለአንድ ተጠቃሚ ስል ለአንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ማለቴ ነው። የእናንተ ሠራተኞች ማይኤስኪውኤል ውስጥ 400 ቢሆኑም ለከርነሉ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው፤ የሁሉም የመልእክት ሳጥን በአንድ አካውንት፣ ብዙ ጊዜ ቪሜይል በሚባለው፣ ሥር ነውና። ስለዚህ 129ኛው ተጠባባቂ ኮኔክሽን ላይ በሩ ይዘጋል።

ሲዘጋ ሰርቨሩ አይወድቅም። ዶቭኮት አይኖቲፋዩን ይተወውና ፎልደሩን በየ30 ሰኮንዱ እየሄደ ያያል። ሠራተኛው የሚያየው ሜይሉ ሲዘገይ ነው። «ስልክ ላይ ተነጋግረን ልኬልሃለሁ ካለኝ በኋላ ነው የሚገባው» የሚል ቅሬታ ከሰማህ ይህ ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ፕሮሰሶች በየ30 ሰኮንዱ ዲስኩን ሲነኩት ደግሞ መንቀራፈፉ ይጨምራል። ሎጉን እንደገና ፈልግ። ዶቭኮት በዚህ ጉዳይ ደግ ነው፤ የአይኖቲፋይ ኢንስታንስ ገደብ እንዳለቀና የትኛውን የከርነል ቁጥር ማንሳት እንዳለብህ ራሱ ይጽፍልሃል። በእናንተ ብዛት 4096 አድርገው። ሲስክትል ዲ በሚባለው የከርነል ቅንብሮች ማውጫ ውስጥ በፋይል አስቀምጠው፣ ያለበለዚያ ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል። ይህን ቁጥር ማንሳት ብዙ ራም አይበላም፤ ከሁሉም ርካሹ ማስተካከያ ነው።

መግባት የሚያቅታቸው ሰዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። አይኖቲፋይ ማንንም አያስቀርም። እዚህ የምጠረጥረው የዶቭኮትን የራሱን ገደብ ነው፣ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር አይገናኝም። አይማፕ ሎጊን የሚባለው ክፍል ሲጫን በሚመጣው ኮንፊግ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ይከፍታል፣ ብዛቱም ከ100 አያልፍም። ሰዎች «ሎጊን እኮ የአንድ ሰኮንድ ሥራ ነው፣ 100 ምን ጎደለው» ይላሉ። ኮኔክሽኑ በቲኤልኤስ የተመሰጠረ ከሆነ ግን ያ ፕሮሰስ ሎጊኑ ካለቀ በኋላ አይወጣም። ምስጠራውን እያስተላለፈ ሰውዬው እስኪወጣ ድረስ ይቆያል። ስለዚህ 100 ማለት በአንድ ጊዜ 100 የተመሰጠረ ኮኔክሽን ማለት ነው።

400 ሰው፣ እያንዳንዱ አውትሉክና ስልክ ይዞ፣ በ100 ይስተናገዳል ብዬ አላምንም። በሌላው ቀን የሚሠራላችሁ ወይ ከአንተ በፊት የነበረ ሰው ቁጥሩን አንስቶት ነው፣ ወይ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ስለማይገባ ነው። ተንደርበርድ ብቻውን ለአንድ አካውንት እስከ 5 ኮኔክሽን እንደሚከፍትም አትርሳ። ሎጉ ላይ «ፕሮሰስ ሊሚት ሪችድ፣ ክላይንት ኮኔክሽንስ አር ቢንግ ድሮፕድ» የሚል መስመር ፈልግ። ካለ ነገሩ አልቋል፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

መፍትሔው 100ን ወደ 2000 ማድረግ አይደለም። ሰርቪስ ካውንት የሚለውን (አንድ ፕሮሰስ ስንት ኮኔክሽን አስተናግዶ እንደሚያበቃ የሚወስነውን) ከ1 ወደ 0 ቀይር። ያኔ አንድ የሎጊን ፕሮሰስ ብዙ ሰው ያስተናግዳል፣ እስከ 1000 ድረስ። ሁልጊዜ ተዘጋጅተው የሚጠብቁትን ፕሮሰሶች በኮሮቹ ልክ 4 አድርጋቸው። የምትከፍለው ዋጋ አለ፦ ቀድሞ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ፕሮሰስ ተነጥሎ ነበር፣ አሁን አንድ ፕሮሰስ ውስጥ የብዙ ሰው ኮኔክሽን አለ። በሎጊን ኮዱ ላይ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝ ጉዳቱ ይሰፋል። ለአንድ ድርጅት የውስጥ ሜይል ይህ የሚያዋጣ ልውውጥ ነው፤ ዶቭኮትን ወቅታዊ እስካደረግከው ድረስ።

የክፍት ፋይሎች ገደብ በእውነት የሚያስፈልግህም እዚህ ጋ ነው። አንድ የሎጊን ፕሮሰስ 1000 ሰው ሲይዝ፣ ለእያንዳንዱ የተመሰጠረ ኮኔክሽን አንድ ፋይል ወደ ሰውዬው፣ አንድ ደግሞ ወደ አይማፑ ይከፍታል። በ1024 አይበቃውም። ስለዚህ የዶቭኮትን ዩኒት ሊሚት ኖፋይል 16384 አድርግ። ዶቭኮት ሲነሳ ኮንፊግህንና ገደቡን ያስተያያል፤ ካነሰው በማስጠንቀቂያ መልክ የሚያስፈልገውን ቁጥር ሎጉ ላይ ያወጣል። ኦውዝ ለሚባለው ይለፍ ቃል አረጋጋጭ ክፍል ክላይንት ሊሚትም (ስንት ጠያቂ እንደሚቀበል) እንዲሁ ይነግርሃል። ሎጉ የነገረህን ቁጥር ስጠው፣ ከዚያ በላይ አትጨምር።

ከሎጊኑ ጀርባ ያለው አይማፕ ራሱ የ1024 ፕሮሰስ ገደብ አለው። እዚያ ሂሳብ ሥራ። ሰኞ ጠዋት ሰው ሁሉ ከገባ በኋላ የአይማፕ ፕሮሰሶቹን ቁጠር፣ የያዙትንም ራም ለካ። ቶፕ የሚለው ትእዛዝ ላይ ሬስ ተብሎ የምታየውን አርኤስኤስ አትመን፤ የጋራ የሆነውን ለእያንዳንዱ እየደጋገመ ይቆጥረዋል። የጋራውን አካፍሎ የሚቆጥረውን ፒኤስኤስ ነው ማየት ያለብህ። አንዱ 3 ሜጋባይት ቢይዝ 1500 ፕሮሰስ 4.5 ጊጋ ይሆናል። ክላምኤቪ (ቫይረስ ፈታሽ) ካለህ እሱ ብቻውን ከ1 ጊጋ በላይ ይወስዳል። ማይኤስኪውኤል የራሱን ይዟል። የቀረው ዲስኩን የሚያፈጥነው የከርነሉ ካሽ (ራም ውስጥ ያለ ጊዜያዊ ማከማቻ) ነው፣ እሱን መንጠቅ ራስህን መጉዳት ነው። በ16 ጊጋ 2048 አይማፕ ይችላል ብዬ እገምታለሁ፣ ግን ሳትለካ አታስገባው። ራሙ ከጠበበህ የዶቭኮትን ሃይበርኔት ተመልከት፤ ዝም ብለው የሚጠባበቁ ኮኔክሽኖችን ወደ አንድ ትንሽ ፕሮሰስ ይሰበስባቸዋል።

አሁን ሰኞ ጠዋትና መብራት ለምን አንድ ዓይነት ምልክት እንዳላቸው ልንገርህ። መብራት ሲመጣ የሕንፃው ስዊችና ዋይፋይ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ኮምፒውተሩ፣ ስልኩ፣ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሎጊን ይላል። የተጨናነቀው የፋይል ብዛት ሳይሆን የይለፍ ቃል ማረጋገጡ ነው። ይለፍ ቃሎቻችሁ ቢክሪፕትን በመሰለ ከባድ ዘዴ ተቀምጠው ከሆነ (መሆንም አለባቸው) እያንዳንዱ ሎጊን ሲፒዩ ይበላል። ሆን ተብሎ ነው የከበደው። ዶቭኮት የኦውዝ ካሽ አለው፣ ግን ሲጫን ዜሮ ስለሆነ አይሠራም። 10 ሜጋባይት ስጠው። ለተወሰነ ጊዜ የገባውን ሰው እያስታወሰ ማይኤስኪውኤልን ያሳርፈዋል። ካሽ የምታደርግ ከሆነ ግን ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ስትዘጋ ካሹን ማጽዳትህን አትርሳ።

ማይኤስኪውኤልን ካነሳን፣ አንሊሚትድ ያልከው ነገር መጀመሪያ የሚሰብረው እሱን ነው። በተለመደው አሠራር 151 ኮኔክሽን ይቀበላል። ፖስትፊክስ ዳታቤዙን በቀጥታ የሚጠይቅ ከሆነ እያንዳንዱ የኤስኤምቲፒ (ሜይል ተቀባይ) ፕሮሰስ የራሱን ኮኔክሽን ይከፍታል። የፖስትፊክስ ፕሮሰስ ገደብ 100 ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ሰላም ነው። 500 ስታደርገው ማይኤስኪውኤል 151 ላይ «አልችልም» ይላል፣ ፖስትፊክስም ተቀባዩ ይኑር አይኑር ማረጋገጥ ስላልቻለ «ቆይተህ ሞክር» ብሎ ሜይሉን ይመልሳል። ማለትም ገደብ ስላነሳህ ብቻ ቀድሞ የሚገባው ሜይል አልገባም። መድኃኒቱ የማይኤስኪውኤል መጠይቆቹን በፕሮክሲማፕ (ኮኔክሽን በሚያጋራው የፖስትፊክስ ክፍል) በኩል ማሳለፍ ነው። ኮንፊግህ ውስጥ ማይኤስኪውኤል ከሚለው ቃል በፊት ፕሮክሲ የሚል ቅድመ ቅጥያ ከሌለ አሁኑኑ ጨምረው፤ በጥቂት ኮኔክሽን ሁሉም ይስተናገዳል።

ፖስትፊክስ ላይ የፋይል ገደብ ብዙም አያሳስበኝም። አንድ የኤስኤምቲፒ ፕሮሰስ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው አንድ ኮኔክሽን ስለሆነ 1024 ይተርፈዋል። የሚሞላው የፕሮሰሱ ብዛት ነው። ሲሞላም በግልጽ ይጽፋል፦ ሰርቪሱ 100 ገደቡ ላይ ደርሷል፣ አዲስ መጪዎች ሊዘገዩ ይችላሉ ይላል። ያኔ ራሱን ወደ ጭንቀት ሁኔታ ይቀይራል። በሌላ ጊዜ ዝም ያለን ላኪ 300 ሰኮንድ የሚታገሥ የነበረው በጭንቀት ጊዜ 10 ሰኮንድ ብቻ ይጠብቃል። ጥሩ ባሕርይ ነው፣ አታጥፋው።

እዚህ ላይ ሁለቱን በሮች ለይ። በፖርት (የኔትወርክ በር ቁጥር) 25 የሚመጣው ከውጭ ነው፣ አብዛኛውም ስፓም ላኪ ሮቦት ነው። ለእነሱ ብለህ ገደብ አታንሳ። ፖስትስክሪንን ከፊት አስቀምጥ፤ አንድ ፕሮሰስ ሆኖ መቶዎቹን ይመረምርና እውነተኛ ሜይል ሰርቨር የሚመስሉትን ብቻ ያሳልፋል። በ587 የሚመጡት የራሳችሁ ሠራተኞች ናቸው። ማስተር ሲኤፍ በሚባለው የፖስትፊክስ ፋይል ላይ ለዚህኛው መስመር ብቻ 200 ፕሮሰስ ስጠው። ፖስትስክሪንን 587 ላይ አታድርግ፣ የራስህን ሰው ታባርራለህ።

የካዛንቺሱ ቅርንጫፍ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም በአንድ የውጭ አይፒ ነው የሚመጡት። ፖስትፊክስ ከአንድ አይፒ በአንድ ጊዜ 50 ኮኔክሽን ብቻ ይቀበላል፤ ቁጥሩ የፕሮሰስ ገደቡ ግማሽ ነው። መብራት መጥቶ የሁሉም አውትቦክስ አንድ ላይ ሲለቀቅ 51ኛው «ቱ ሜኒ ኮኔክሽንስ» ይባላል። የቅርንጫፉ አይፒ ቋሚ ከሆነ ከዚህ ቆጠራ ነፃ በሚያደርገው ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ማይ ኔትወርክስ (የሚታመኑ አይፒዎች ዝርዝር) ውስጥ ግን አታስገባው። ያ ያለ ይለፍ ቃል ወደ ውጭ እንዲልኩ መፍቀድ ነው፤ አንድ ቫይረስ የገባበት ላፕቶፕ የድርጅታችሁን አይፒ ብላክሊስት ያስገባዋል። ፌይልቱባን (ይለፍ ቃል የሚደጋግሙ አይፒዎችን የሚያግድ ፕሮግራም) ካለህም ይህን አይፒ ነፃ አድርገው፣ ያለበለዚያ አንድ ሰው ይለፍ ቃሉን ቀይሮ ስልኩን ስለረሳ ቅርንጫፉ በሙሉ ይታገዳል።

ወደ አንሊሚትድ ልመለስ። ገደብን ማጥፋት ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ እንደመቋጠር ነው። ዛሬ ሥራ ይቀጥላል። የሆነ ቀን ግን አንድ ፕሮግራም ያብድና ራሙን ይጨርሳል፣ ከርነሉም ማንን እንደሚገድል ራሱ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ ትልቁን ስለሚመርጥ ማይኤስኪውኤል ወይም ክላምኤቪ ይሄዳል፣ አንተም ሎጉ ላይ የምታየው የሞተውን እንጂ የገደለውን አይደለም። በዚያ ላይ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች አዲስ ፕሮሰስ ሲያስነሱ ከ0 እስከ ገደቡ ድረስ ያለውን ፋይል ሁሉ አንድ በአንድ ለመዝጋት ይሞክራሉ። ገደቡ 1024 ሲሆን አይታወቅም። ቢሊየን ሲሆን ሲፒዩው ያለ ሥራ 100 በመቶ ይሆናል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ሊሚትስ ኮንፍ ላይ ያስገባኸውን አውጣው፣ ሌላ ሰው ያሳስታል እንጂ አይጠቅምም። መጀመሪያ አይኖቲፋዩን አንሳ፤ ምንም ሪስታርት አይፈልግም፣ አዲስ የሚገቡት ወዲያው ያገኙታል። ቀጥሎ ፕሮክሲማፑን፣ ከዚያ የዶቭኮትን ሎጊንና የኦውዝ ካሹን ከ16384 ጋር አስተካክል። የ587ቱን 200 በመጨረሻ፣ አስፈላጊ መሆኑን ሎጉ ከነገረህ ብቻ። ሁሉንም በአንድ ቀን አትቀይር፣ የቱ እንደሠራ አታውቅም።

ዩኒቱን ከቀየርክ በኋላ ሪሎድ አይበቃም፣ ገደቡ የሚወረሰው ፕሮሰሱ ሲነሳ ነው። ዶቭኮት ሪስታርት ሲደረግ ደግሞ የገባውን ሰው ሁሉ ያስወጣል፣ ሁሉም ተመልሶ በአንድ ጊዜ ይመጣል። በሥራ ሰዓት እንዳትሞክረው። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ አድርገው። ሰኞ ጠዋት እሳት ላይ ሆነህ ጊዜ መግዛት ካስፈለገህ ፒአርሊሚት የሚባለው ትእዛዝ እየሠራ ያለን ፕሮሰስ ገደብ ሳያቆመው ይቀይራል፤ ማታ ግን ትክክለኛውን ቦታ አስተካክል።

የዶቭኮት እትምህ 2.4 ከሆነ በርካታ የኮንፊግ ስሞች ተቀይረዋልና ከላይ የጠቀስኳቸውን በ2.3 ስማቸው ፈልገህ አጣሁ እንዳትል።

በሚቀጥለው ሰኞ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ማሽኑ ላይ ቁጭ በል። የአይማፕ ፕሮሰሶችን ብዛት፣ የቀረውን ራም፣ ሲፒዩው ዲስክ የሚጠብቅበትን መቶኛ በየ5 ደቂቃው መዝግብ። ገደብ ሞላ የሚል መስመር ሎጉ ላይ ከሌለና የዲስክ ጥበቃው ከፍ ብሎ ከቆየ፣ ከዚያ በኋላ የምታነሳው ገደብ የለም። የመልእክት ሳጥኖቹን ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ እንዲዘዋወሩ የግዢ ጥያቄ ጻፍ።